ምዕራፍ 6፦ ማግኔትን መቀልበስ

ጀርባው ጎበጥ ያለውን የድሮ ኮምፒውተር ሞኒተር የተጠቀመ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም። ስፒከሩን ወደ ሞኒተሩ ጎን ጠጋ ያደርገዋል፤ በዚያ በኩል ያለው የስክሪን ጥግ ወዲያው ወይን ጠጅ ይለብሳል፣ ከአጠገቡም አረንጓዴ ይፈስበታል። ሙዚቃ መክፈት እንኳ አያስፈልግም። የስፒከሩ ገመድ ተነቅሎ ቢቀመጥም ያው ነው፤ ስክሪኑን ያበላሸው ከስፒከሩ ጀርባ የተጣበቀው ቋሚ ማግኔት ነውና።

ከዚያ መላ መምታት ይጀመራል። አንዱ መሃል ላይ ወፍራም መጽሐፍ ያቆማል፣ ሌላው ጣውላ ያስገባል፣ ሳይንስ ቀመስ የሆነው ደግሞ ስፒከሩን በአልሙኒየም ፎይል ይጠቀልላል። ሦስቱም ድካማቸው ከንቱ ነው። ብርሃንን በመጋረጃ፣ ነፋስን በግድግዳ ማስቆም ስለለመድን ለማግኔትም እንዲሁ የሚጋረድ አንድ ነገር ያለ ይመስለናል። ማግኔትን የሚከላከሉ መሐንዲሶች ግን ጨርሶ ሌላ ነገር ነው የሚያደርጉት፤ ይህ ምዕራፍም ስለዚያ ነገር ነው።

ጨረሩ እንዴት ይስታል?

በምዕራፍ 2 ኤሌክትሮንን ተዋውቀናል። በምዕራፍ 4 ደግሞ ዴንማርካዊው ሐንስ ክርስቲያን ኤርስቴድ በ1820 (በዚህ መጽሐፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ የኮምፓስን መርፌ ሲያዞር እንዳየ አንብበናል። ነገሩ በግልባጩም ይሠራል። የሚጓዝ ኤሌክትሪክ ማግኔትን ከገፋ፣ ማግኔትም የሚጓዙ ኤሌክትሮኖችን ይገፋል። ጀርመናዊው ካርል ፈርዲናንድ ብራውን በ1897 የካቶድ ጨረር ቱቦን ሲሠራ ጨረሩን ወዲያ ወዲህ ያስኬደው በዚሁ መንገድ ነበር። የድሮው ቴሌቪዥንና ሞኒተር ሆድ ውስጥ ያለው ትልቅ ብርጭቆ የዚያ ቱቦ የልጅ ልጅ ነው።

በብርጭቆው ቀጭን አንገት ውስጥ ሦስት የኤሌክትሮን ጨረሮች ይወነጨፋሉ። የሚገፋቸው 25,000 ቮልት ገደማ ስለሆነ ፍጥነታቸው በሰከንድ 90,000 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ የብርሃንን ፍጥነት 30 በመቶ ማለት ነው። አንገቱ ላይ የተጠመጠሙት የሽቦ ጥቅሎች ጨረሮቹን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች እየመሩ ስክሪኑን ያስጠርጓቸዋል። የስክሪኑ የውስጥ ገጽ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ በሚያበሩ ደቃቅ ነጥቦች ተለብጧል። ከመስታወቱ ኋላ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ገባ ብሎ ደግሞ በብዙ መቶ ሺህ ቀዳዳዎች የተወጋ ስስ ብረት ተወጥሯል። ወንፊቱ እንበለው። ሦስቱ ጨረሮች በአንድ ቀዳዳ ሲያልፉ አቅጣጫቸው ትንሽ ትንሽ ስለሚለያይ አንዱ ቀዩን ነጥብ ብቻ፣ ሌላው አረንጓዴውን ብቻ፣ ሦስተኛው ሰማያዊውን ብቻ ይመታል። ሥርዓቱ ሁሉ የቆመው በዚያች የማዕዘን ልዩነት ላይ ነው።

ልዩነቷ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነች በቁጥር ማየት ይጠቅማል። በተለመደ ሞኒተር ላይ በአንድ ቀለም ሁለት ጎረቤት ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት 0.28 ሚሊ ሜትር ገደማ ነበር። አሁን ስፒከሩን እንርሳውና የምድርን የራሷን ማግኔት ብቻ እናስብ። የኮምፓስ መርፌ ለማዞር እንጂ ለሌላ ነገር አቅም የላትም የምንላት ያቺ ደካማ ማግኔት፣ አዲስ አበባ ላይ 36 ማይክሮቴስላ ያህል ናት። ምንም መከላከያ በሌለበት 30 ሴንቲ ሜትር የሚጓዝ ጨረር በእርሷ ብቻ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ይጣመማል። ከወንፊቱ እስከ መስታወቱ ባለችው የመጨረሻ አንድ ሴንቲ ሜትር ላይ ደግሞ አቅጣጫው ስለተቀየረ ከነጥቡ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይስታል። ከ0.28 ሚሊ ሜትር ላይ ሲሶው ሄደ ማለት ነው፤ ለቀይ የታሰበው ጨረር የአረንጓዴን ድንበር ረገጠ። ቅርብ የተቀመጠ የስፒከር ማግኔት ከምድር ማግኔት በብዙ እጥፍ ሊበረታ ስለሚችል ጥጉ ወይን ጠጅ ቢሆን አይገርምም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል። ማግኔቱ ኤሌክትሮኑን አያፈጥነውም፣ አያዘገየውም፤ ያዞረዋል ብቻ። ስለዚህ የተበላሸው ጥግ ብርሃኑ አልቀነሰም፤ ብርሃኑ የተሳሳተ ቀለም ላይ አረፈ እንጂ።

ጎርፍና ፈሰስ

የማግኔት ኃይል የሚሄድበትን መንገድ በመስመር እየሳልን እንድናስብ ያስተማረን ማይክል ፋራዴይ ነው። የእነዚህ መስመሮች ትልቁ ጠባይ ጫፍ የሌላቸው መሆኑ ነው። ከሰሜን ዋልታ የወጣው መስመር ዞሮ ዞሮ ደቡብ ዋልታ ይገባል፣ በማግኔቱ ውስጥ አልፎም ቀለበቱን ይዘጋል። መሃል ላይ ቆርጦ «ከዚህ አትለፍ» ማለት አይቻልም፤ የተቆረጠ መስመር የሚባል ነገር በተፈጥሮ የለምና። እንግዲህ መከላከያ ከተባለ አንድ መንገድ ብቻ ይቀራል።

ያን መንገድ ዳገት ሥር ቤት የሠራ ገበሬ ያውቀዋል። ክረምት ሲገባ ከላይ የሚወርደውን ጎርፍ በግድግዳ ላቁመው አይልም። ውሃው ይጠራቀምና ግድግዳውን ይዞት ይሄዳል። ገበሬው ከቤቱ በላይ ዳገቱን አግድሞ ፈሰስ ይቀዳል። ጎርፉ ከቤቱ ይልቅ ቦዩ ይቀለዋል፤ በቦዩ ይሄድና ከቤቱ ማዶ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ከውሃው አንዲት ጠብታ አልቀነሰችም። ቤቱ ግን ደረቅ ነው።

ለማግኔት መስመር ቦዩ ብረት ነው። ለስላሳ ብረት የማግኔትን መስመር ከአየር በሺህ እጥፍ አብልጦ ያሳልፋል፤ ይህን ጠባይ አሳላፊነት እንለዋለን። በሞኒተሩ ዙሪያ የብረት ቅርፊት ቢኖር ከስፒከሩ የሚመጣው መስመር በሞኒተሩ መሃል በአየር ከመሄድ ይልቅ በቅርፊቱ ውስጥ ዞሮ በሌላው ጎን ይወጣል። ጣውላ፣ ወረቀት፣ ፕላስቲክ፣ መዳብ፣ አልሙኒየም ግን አሳላፊነታቸው ከአየር እምብዛም አይለይም። መስመሩ አንዳቸውንም እንዳለ አይቆጥረውም። ኤክስሬይ ክፍል ውስጥ ስለምናየው ብዙ ሰው ኃያል መከላከያ የሚመስለው እርሳስም እዚህ ጋር ከካርቶን አይሻልም።

ከስፒከሩና ከሞኒተሩ መሃል አንድ ጠፍጣፋ ላሜራ ያቆመ ሰውም ብዙ የማይጠቀመው ለምን እንደሆነ ከዚሁ ይገባናል። የሱ ፈሰስ የሚያልቀው ከቤቱ ጥግ ላይ ነው። መስመሩ በላሜራው ይሄድና ጠርዙ ላይ ሲደርስ ተመልሶ ይወጣል፣ የወጣውም እዚያው ሞኒተሩ አጠገብ ነው። ቦይ ጎርፉን እስከ ማዶ ካላደረሰው ቦይ አይባልም፤ ቅርፊትም እንዲሁ በተቻለ መጠን መዞርና መዘጋት አለበት። የፋብሪካ ሞኒተሮችና ቴሌቪዥኖች በቱቦው ሰፊ ክፍል ዙሪያ ስስ የብረት ቅርፊት የነበራቸው ለዚህ ነው። የምድርን ማግኔት በአብዛኛው ለመቀልበስ ይበቃ ነበር፤ ለስፒከር ግን አልታሰበም።

ማግኔትን በእርግጥ ከውስጡ የሚያባርር ነገር የለም ወይ ለሚል አንባቢ፣ አለ። ቫልተር ማይስነርና ሮበርት ኦክሰንፌልድ በ1933 እንዳሳዩት ኤሌክትሪክን ያለምንም ተቃውሞ የሚያስተላልፉ ቁሶች በብርቱ ሲቀዘቅዙ የማግኔት መስመርን ወደ ውጭ ያስወጡታል። መስመሩ እዚያም ቢሆን አይጠፋም፤ በዙሪያው ይሄዳል። ከእነዚህ ቁሶች ቀላል የሚባሉት እንኳ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ያህል በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን መነከር ስላለባቸው ለሞኒተር ብሎ የሞከራቸው አይኖርም።

ቦዩ ሲሞላ

የትኛውም ፈሰስ ልክ አለው። ዝናቡ ከበረታ ይሞላና ገንፍሎ ወደ ቤቱ ይወርዳል። ብረትም መስመር ይጠግባል። ለስላሳ ብረት ሁለት ቴስላ ገደማ ሲደርስ ሞላ ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ የመጣው በአየር እንደሚሄድ ሆኖ ያልፋል። ስለዚህ ከኃይለኛ ማግኔት አጠገብ የሚቀመጥ መከላከያ ወፍራም መሆን አለበት፣ ገበሬው ቦዩን እንደሚያሰፋው ሁሉ።

ደካማ ማግኔትን ጠርጎ ለማውጣት ግን ስፋት ሳይሆን ምቾት ነው የሚፈለገው። ለዚያ የሚሆነው ቁስ ከኮምፒውተር በፊት ብዙ ዓመት ቀድሞ፣ ለሌላ ችግር ነው የተገኘው። በባሕር ሥር የተዘረጉት የቴሌግራፍ ገመዶች መልእክትን እያደበዘዙ ስለሚያዘገዩ፣ ዊሎቢ ስሚዝና ሄንሪ ጋርኔት የተባሉ እንግሊዛውያን በ1923 ከመዳብ ገመድ ዙሪያ የሚጠመጠም አዲስ ቅይጥ አወጡ። ከ100 እጁ 77 ያህሉ ኒኬል፣ የቀረው በአብዛኛው ብረት ነው፤ ሙ ሜታል ይባላል። አሳላፊነቱ ከአየር በብዙ አሥር ሺህ እጥፍ ይበልጣል። ሆኖም ቶሎ ይጠግባል፤ 0.8 ቴስላ ገደማ ላይ ይሞላል። ከዚህም በላይ ቁጡ ነው። ቢታጠፍ፣ ቢወድቅ፣ በመዶሻ ቢመታ ችሎታው ይወርዳል፤ የሚመለስለት በሃይድሮጅን ጋዝ ውስጥ እንደገና በከፍተኛ ሙቀት ሲጋገር ነው። ዋጋው ደግሞ ለቤት አይሆንም። ሁለቱንም የሚጠቀሙ ላቦራቶሪዎች ተራውን ብረት ከኃይለኛው ማግኔት በኩል፣ ሙ ሜታሉን በውስጥ በኩል ያደርጋሉ። ወፍራሙ ቦይ ጎርፉን ይወስዳል፣ ስሱ ያመለጠውን ይለቅማል።

ምንጩ ላይ መያዝ

ኮምፒውተር በየቤቱ ሲገባና ስፒከር የሞኒተር ጎረቤት ሲሆን አምራቾች ቱቦውን ከመጠቅለል ይልቅ ወደ ስፒከሩ ዞሩ። እኔ ከሁሉም መፍትሔ ይህን አደንቃለሁ፤ ርካሽ ነው፣ በብልሃት የተሞላም ነው።

የስፒከር ጀርባ ብዙውን ጊዜ ጥቁር ቀለበት የሚመስል የፌራይት ማግኔት ነው። ሥራው በጠባብ ክፍተት ውስጥ ላለችው የሽቦ ጥቅል ብርቱ የማግኔት መስክ መስጠት ነው። ጥቅሏ ኤሌክትሪክ ሲያልፍባት ትገፋለች፣ ወረቀቱን ይዛው ትንቀጠቀጣለች፣ ድምጽ ይሆናል። ክፍተቱን የሚያገለግለው መስመር ለሥራ ነው፤ ችግሩ በጀርባና በጎን ወደ ክፍሉ የሚያፈስሰው ትርፍ ነው። አምራቾቹ ከዋናው ማግኔት ጀርባ ሁለተኛ ማግኔት ፊቱን ገልብጠው፣ ተመሳሳይ ዋልታ ከተመሳሳይ ዋልታ ጋር ትይዩ አድርገው አጣበቁበት። ሁለቱ መግፋት ቢፈልጉም ሙጫው ይዟቸዋል። ራቅ ብሎ ለሚመለከት የአንዱ መስክ የሌላውን ያጣፋዋል። በክፍተቱ ውስጥ ያለው መስክ ደግሞ እንዲያውም ትንሽ ይጨምራል። የተረፈውን ለመሰብሰብ በሁለቱም ላይ የብረት ኩባያ ይደፋባቸዋል፤ ያው ፈሰስ ነው፣ ግን ከዳገቱ ጫፍ፣ ውሃው ጎርፍ ሳይሆን ገና ምንጭ ሳለ የተቀደደ።

ከሞኒተር አጠገብ እንዲቀመጡ የታሰቡ ስፒከሮች፣ ከቴሌቪዥን ሥር የሚቀመጠው የፊልም መመልከቻ መካከለኛው ስፒከርም፣ በአብዛኛው እንዲህ ነበሩ። ጀርባው ክፍት ከሆነ ስፒከር ላይ በዓይን መለየት ይቻል ነበር፤ ቀለበቱ በብረት ቆብ የተከደነ ከሆነ ተከላክሏል ማለት ነው። ተራውን የቴፕ ስፒከር ቆብ አልብሼ እሠራዋለሁ ያለ ሰው ግን ይቸገራል። ሁለተኛው ማግኔት ካልታከለ ቆቡ ብቻውን ቶሎ ይሞላል፣ በጣም ከቀረበም በክፍተቱ ውስጥ ለድምጹ የሚያስፈልገውን መስመር ሊሻማ ይችላል።

ይህ ሁሉ ብልሃት በሌለበት ደግሞ ርቀት አለ። ከማግኔቱ መጠን አንጻር ራቅ ብለን ስንለካው የማግኔት መስክ በርቀቱ ኩብ ይቀንሳል። ስፒከሩ ከ20 ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ መስኩ ወደ አንድ ስምንተኛ፣ ወደ 60 ቢርቅ ወደ አንድ ሃያ ሰባተኛ ይወርዳል። ክንድ የማይሞላ ቦታ ብዙ ኪሎ ብረት ይተካል።

ብረት ቂም ይይዛል

ስፒከሩ ተነሥቶ እንኳ ነጠብጣቡ የማይለቅበት ጊዜ አለ። ወንፊቱና ቅርፊቱ ብረት ናቸውና ያደረባቸው ማግኔት አንዳንዱ ይቀራል፤ የተነሣው ስፒከር በእነሱ ላይ ቂም ጥሎ ሄዷል። ይህን የሚያጥበው በቱቦው ዙሪያ የተጠመጠመ ሌላ የሽቦ ጥቅል ነው። ሞኒተሩ ሲበራ «ዱም» የሚል ድምጽ ተሰምቶ ስዕሉ ለአፍታ የሚርገበገበው እርሱ ሲሠራ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። የመስመሩን ኤሌክትሪክ፣ በሰከንድ 50 ጊዜ አቅጣጫውን እየለዋወጠ የሚመላለሰውን፣ በጥቅሉ ውስጥ በብርቱ ይለቁታል፤ ቀስ በቀስም ያደክሙታል። ብረቱ መጀመሪያ ወደ አንድ ወገን በብርቱ ይሳባል፣ ቀጥሎ ወደ ሌላው ትንሽ ባነሰ ኃይል፣ እንደገና ወዲህ ይበልጥ ባነሰ፣ እያለ እያለ ዜሮ አካባቢ ይቆማል። የሚያደክመው ሲሞቅ ኤሌክትሪክን የሚቃወም አንድ ትንሽ እቃ ነው። ይህንኑ አጠባ የሚያስጀምረውን የሞኒተሩን የ«ዲጋውስ» ቁልፍ ደጋግሞ የሚጫን ሰው ሁለተኛው ጊዜ ላይ ምንም ለውጥ የማያየው ለዚህ ነው፤ ያ እቃ ገና አልቀዘቀዘም፣ ኤሌክትሪኩን ከመጀመሪያው አንቆ ይዞታል። ሩብ ሰዓት ወይም ግማሽ ሰዓት ታግሦ መጫን ይሻላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መርከቦች ለብረት አካላቸው የሚነሡ የባሕር ፈንጂዎችን ለማምለጥ በገመድ ጥቅል የሚታጠቡት በተቀራራቢ ዘዴ ነበር።

ሞኒተሩን ማዞር

ይህ አጠባ ሌላም ጥቅም ነበረው፤ ሞኒተሩ ካለበት ቦታ የምድር ማግኔት ጋር ያስታርቀዋል። የምድር ማግኔት በየአገሩ አቅጣጫው ይለያያል። ለንደን ላይ ወደ መሬት ዘልቆ በብዙ ያዘቀዝቃል፤ አግድም የሚሄደው ድርሻው 20 ማይክሮቴስላ ገደማ ነው። መግነጢሳዊው የምድር ወገብ በሚያቋርጣት በኢትዮጵያ ግን መስመሮቹ ከሞላ ጎደል አግድም ተኝተው ከደቡብ ወደ ሰሜን ይሄዳሉ። የአዲስ አበባ መግነጢስ መመዝገቢያ ጣቢያ በ1958 የተቋቋመው፣ ዓለም ምድርን በአንድነት በሚለካበት በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ወቅት፣ ይህ ቦታ ለዚያ ጥናት ብርቅ ስለሆነ ጭምር ነው።

ለሞኒተር ትርጉሙ ምን መሰላችሁ? አዲስ አበባ ላይ ጠረጴዛን ከሰሜን ወደ ምሥራቅ ማዞር ቱቦው የሚያየውን አግድም ማግኔት ከለንደን ይበልጥ ይለውጥበታል። አምራቾችም ጥሩ ሞኒተሮቻቸውን ለሰሜን ንፍቀ ክበብ፣ ለደቡብ ንፍቀ ክበብና ለምድር ወገብ አካባቢ ለይተው ያስተካክሉ ነበር። ለአውሮፓ ተስተካክሎ ተጭኖ የመጣ እቃ እዚህ ሲበራ ጥጎቹ ላይ ቀለም ቢያዛባ ጥገና ቤት ከመሄዱ በፊት ታጥቦ መታየት ነበረበት።

የሚንቀጠቀጥ ስዕል

እስካሁን ያወራነው ስለ ቋሚ ማግኔት ነው። ቀለሙ ሳይዛባ ስዕሉ የሚርገበገብ ከሆነ ጥፋተኛው ሌላ ነው፤ ከጎኑ የተቀመጠ ስታቢላይዘር ወይም ሌላ ትራንስፎርመር ያለው እቃ። የርሱ መስክ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ሞኒተሩ ስዕሉን በሰከንድ 60 ጊዜ የሚያድስ ከሆነ ስዕሉ በልዩነቱ፣ በሰከንድ 10 ጊዜ፣ ይንቀጠቀጣል፤ በ75 ከሆነ 25 ጊዜ። የእኛ ቴሌቪዥን ስርጭት በሰከንድ 50 ጊዜ የሚታደስ ስለነበር ያው ስታቢላይዘር ቴሌቪዥን ላይ ቢበዛ ስዕሉን በዝግታ ያዋዥቀው ነበር።

እዚህ ላይ በመጀመሪያ የናቅነው መዳብ ክብሩ ይመለስለታል። በምዕራፍ 5 ፋራዴይ በ1831 ያገኘውን አይተናል፤ የሚለዋወጥ ማግኔት በአጠገቡ ባለ ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል፣ ያ ኤሌክትሪክም የቀሰቀሰውን ለውጥ ይቃወማል። በትራንስፎርመር ወገብ ላይ ጫፍና ጫፉ ተበይዶ የሚታጠቅ ሰፊ የመዳብ ቀበቶ የሚያፈስሰውን መስክ የሚቀንሰው በዚህ ነው። ለቋሚው የስፒከር ማግኔት ግን ያው ቀበቶ ምንም አያደርግለትም።

ቦይ የማይቀደድበት ቦታ

ጠፍጣፋው ስክሪን ሲመጣ የሚወነጨፍ ኤሌክትሮን ስለቀረ ይህ ሁሉ ጭንቀት ከጠረጴዛችን ተነሣ። ከሁለቱ የተጣመሩ የስፒከር ማግኔቶች አንዱ ቀረ፣ የብረት ኩባያውም አብሮ። ችግሩ ግን ወደ ኪሳችን ገባ። ስልካችን ውስጥ ስፒከር አለ፣ ስፒከሩ ማግኔት አለው፣ ከርሱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ላይ ደግሞ የምድርን ማግኔት እየለካ ካርታውን የሚያዞር ኮምፓስ ተቀምጧል።

ኮምፓሱን በብረት ቅርፊት መክበብ አይቻልም፤ የስፒከሩን መስመር የሚቀለብስ ቦይ የምድርንም ይቀለብሰዋል፣ ኮምፓሱ የሚፈልገው ደግሞ እርሷኑ ነው። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ሥራውን ለስሌት ሰጡት። ስልኩ አቅጣጫ ሲጠፋበት አየር ላይ 8 ቁጥር እየሠራችሁ አወዛውዙት ይላችኋል። ስልኩ ሲዞር የምድር ማግኔት ከስልኩ አንጻር አቅጣጫዋን ትለዋውጣለች፤ የስፒከሩ ማግኔት ግን ከስልኩ ጋር ተጣብቆ ስለሚዞር በንባቡ ውስጥ ሳይለወጥ ይቆያል። ፕሮግራሙ ያልተለወጠውን ለይቶ ይይዝና ከዚያ በኋላ ከሚመጣው ንባብ ሁሉ ይቀንሰዋል። ጀርባው ማግኔት ያለበት አዲስ የስልክ ሽፋን ሲገዛ ኮምፓሱ የሚሳሳተው የሚቀነሰው ቁጥር ስለተለወጠ ነው፤ አንድ ሁለቴ 8 ቁጥር ሠርቶ ማወዛወዝ ብዙውን ጊዜ ይመልሰዋል።